በርኒ ራይትሰን፦ ስለ አስተማሪዎቹ፣ ስለ መሣሪያዎቹና ስለ ጭራቆቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማንነቱ ጀምረን ወደ ብዕር አያያዝ እንሄዳለን፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በርኒ ራይትሰን ማን ነው?

አሜሪካዊ የኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ሰዓሊ ነው። በ1948 በሜሪላንድ ግዛት፣ ባልቲሞር ተወለደ፤ በ2017 በ68 ዓመቱ በአንጎል ካንሰር አረፈ። ስዋምፕ ቲንግ የተባለውን የረግረግ ፍጡር ከደራሲው ሌን ዊን ጋር ፈጥሯል። አንድ ሳይንቲስት ገጣጥሞ ስለሠራው ፍጡር ለሚተርከው የሜሪ ሼሊ ልብ ወለድ «ፍራንከንስታይን» የሠራቸውና በ1983 የታተሙት ሥዕሎች ደግሞ በጥቁር ቀለም ብቻ ከተሠሩ የመጽሐፍ ሥዕሎች ሁሉ ከቁንጮዎቹ የሚመደቡ ናቸው።

ስሙ የሚነሳው ከጭራቅ ጋር ነው። ሥዕሎቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ጭራቆቹ አብዛኞቹ ያዘኑ ናቸው። ትከሻቸው ወድቋል፣ እጃቸው ምን እንደሚይዝ አያውቅም፣ ዓይናቸው የሚለምን ይመስላል። ራይትሰን አስቀያሚውን ፍጡር ሌላው ሰዓሊ ቆንጆ ሴት በሚሥልበት ጥንቃቄ ይሥለዋል። ከዚህ በታች ስለ ብዕርና ስለ ጥላ የምንለው ሁሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

በቆዩ ሥራዎቹ ላይ የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለምን አንድ ፊደል ይጎድለዋል?

በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በውሃ ዝላይ ወርቅ ያጠለቀ ሌላ አሜሪካዊ በርኒ ራይትሰን ነበር። ሰዓሊው ከእሱ ጋር እንዳይምታታ «በርኒ» ከሚለው ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢ» አውጥቶ ሲፈርም ቆይቶ ኋላ ላይ መልሷታል። ስለዚህ የፊደሏ መጉደል የሐሰተኛ ሥራ ምልክት አይደለም።

ሥዕል የት ተማረ?

ከቴሌቪዥን፣ ከኮሚክና ከተልእኮ ትምህርት። ልጅ ሳለ ጆን ናጊ የተባለ አስተማሪ በቴሌቪዥን የሚያቀርበውን የሥዕል ትምህርት ይከታተል ነበር። ናጊ ማንኛውንም ነገር ከአራት ቅርጾች ማለትም ከኳስ፣ ከኩብ፣ ከሲሊንደርና ከኮን እየገነባ ያሳያል። ራይትሰን ቀጥሎ «ፌመስ አርቲስትስ ስኩል» በፖስታ የሚልከውን ትምህርት ተከታተለ። በ1966 ባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ላይ በሰዓሊነት ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ክሪፒ» የተባለው መጽሔት በ9ኛ ቁጥሩ የላከውን አንድ ሥዕል አተመለት። ሥዕሉ የመቃብር ድንጋይ ያለበት ሲሆን ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የራሱ ስም ነው። በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደ የኮሚክ ጉባኤ ላይ ሰዓሊውን ፍራንክ ፍራዜታን አገኘው፤ የራሱን ታሪኮች ለመሥራት የተነሳሳውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ1969 ዲሲ የተባለው የኮሚክ አሳታሚ የመጀመሪያ የኮሚክ ታሪኩን «ሃውስ ኦቭ ሚስትሪ» 179ኛ ቁጥር ላይ አወጣለት።

የናጊ አራት ቅርጾች የልጆች ጨዋታ የሚመስሉት ሰው የፍራንከንስታይንን ቤተ ሙከራ ሥዕል ገልጦ ይይ። ጠርሙሱና የመስታወት ቱቦው ለቁጥር ያታክታል፤ እያንዳንዱ ግን በአንድ በኩል ብርሃን ያረፈበት ሲሊንደር ወይም ኳስ ነው። ያ ሁሉ ዕቃ ተደራርቦ ዓይን የማይጠፋበት መሠረቱ ቀላል ስለሆነ ነው።

የማን ተጽዕኖ አለበት?

ሁለት ቤተሰብ አለው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ኢሲ ኮሚክስ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስፈሪ ታሪኮችን ያወጣ የነበረው ድርጅት። ከዚያ ቤት ራይትሰን ላይ ጎልቶ የሚታየው ግራሃም ኢንግልስ ነው። ኢንግልስ ሥራዎቹን «ጋስትሊ» እያለ ይፈርም ነበር፤ ትርጉሙም «ዘግናኝ» እንደማለት ነው። የተንጠለጠለ ቆዳ፣ የሚዝረከረክ ምራቅ፣ የተበጣጠሰ ልብስ፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ሁሉ የእሱ ናቸው። ራይትሰን መበስበስን መሣል የተማረው እዚህ ነው። ከፍራዜታ የወሰደው ደግሞ የአካልን ክብደት ነው፤ ሰውየው ሲቆም መሬቱ ላይ መጫኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ኮሚክ ሳይሆን የጥንት መጽሔት ሰዓሊዎች ናቸው፦ ፍራንክሊን ቡዝ፣ ጆሴፍ ክሌመንት ኮልና ኤድዊን ኦስቲን አቢ። የቡዝ ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ1874 ኢንዲያና ውስጥ የተወለደ ልጅ ነበር፤ መጽሔት ላይ የሚያያቸው ሥዕሎች በብዕር የተሠሩ መስለውት መስመር በመስመር እየቀዳ ተማረ። ሥዕሎቹ ግን በብዕር የተሠሩ ሳይሆኑ እንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ነበሩ። በእንጨት ቅርጽ ጥላ የሚመጣው መስመሩ ሲወፍርና ሲቀጥን ነው፤ ቡዝም ሳያውቀው የቅርጽ መሣሪያን ሥራ በብዕር መሥራት ቻለ። ራይትሰን ለፍራንከንስታይን የፈለገው ይህንኑ የድሮ የቅርጽ ሥዕል መልክ ነበር፤ መጽሐፉ ጥንት የታተመ እንዲመስል።

ኮል የሚጠናው ለፍጥነቱ ነው። መስመሩ ይሮጣል፤ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ይጠፋና ሌላ ቦታ ይወጣል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስቱንም ልቅዳ የሚል ጀማሪ ይደናገራል። ቡዝ ትዕግሥት፣ ኮል ድፍረት ስለሚጠይቁ እጅ ላይ ይጣላሉ። አንዱን ይዞ ሁለት ሦስት ወር መቆየት ይሻላል።

ሆረር (አስፈሪ ታሪክ) ላይ ለምን አተኮረ? ዘመኑስ ይፈቅድ ነበር?

በልጅነቱ ያነበባቸው የኢሲ ኮሚኮችና የጥንት ጭራቅ ፊልሞች ልቡን ቀድመው ወስደውታል። እሱ ሙያ ላይ ሲደርስ ግን በሩ ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። በ1954 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል በሚል ምስክር ከሰማ በኋላ አሳታሚዎቹ ራሳቸው «ኮሚክስ ኮድ» የሚባል ደንብ አወጡ። ደንቡ ደም መጣጭን፣ ሰው-ተኩላን፣ ከመቃብር የሚነሳ ሙትን ከለከለ፤ «ሆረር» የሚለውን ቃል ራሱ ከመጽሔት ርዕስ አስወጣ። የኢሲ አስፈሪ መጽሔቶችም በዚያው ዓመት ቆሙ።

ደንቡ የላላው በ1971 ነው። ራይትሰን የመጣው ልክ በዚያ ስንጥቅ ነው። ደም ማሳየት በማይቻልበት ገበያ ማስፈራት ነበረበትና በጥላ፣ በአየር ሁኔታ፣ በቤትና በዛፍ ማስፈራትን ተማረ። ክልከላው ጠቅሞታል ለማለት ይከብዳል፤ የብዙዎችን እንጀራ ቆርጧል። ከሥራዎቹ የሚነበበው ግን ያኔ የተገነባው ልማድ ሁሉ ከተፈቀደም በኋላ አለመልቀቁ ነው።

ስዋምፕ ቲንግ እንዴት ተፈጠረ?

መጀመሪያ የወጣው በ1971፣ «ሃውስ ኦቭ ሲክሬትስ» 92ኛ ቁጥር ላይ፣ በ8 ገጽ አጭር ታሪክ ነው። አንድ ሳይንቲስት በባልደረባው ይገደላል፤ ገዳዩ ሚስቱን ያገባል፤ ሟቹ ከረግረግ ጭቃና ቅጠል ለብሶ ይመለሳል። መናገር አይችልም። ሚስቱን ያድናታል፣ እሷ ግን ማንነቱን ሳታውቅ ትሸሸዋለች። የታሪኩ ኃይል መጨረሻው ላይ ነው፤ ጭራቁ ማስረዳት አቅቶት ወደ ረግረጉ ይመለሳል።

አንባቢ ስለወደደው በ1972 ራሱን የቻለ ተከታታይ ሆነ፤ ዘመኑም ስሙም ተለውጦ አሌክ ሆላንድ የሚባል ሳይንቲስት ባለታሪክ ሆነ። ራይትሰን 10 ቁጥሮችን ሠርቶ ለቀቀ።

ከፎቶ ማየት ማጭበርበር አይደለም?

አይደለም፤ እሱም ያደርገው ነበር። ለመጀመሪያው የስዋምፕ ቲንግ ታሪክ ጓደኞቹ ልብስ ለብሰው ፎቶ ተነስተዋል። ገዳዩን ሆኖ የቆመለት ሰዓሊው ማይክል ካሉታ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ኋላ የታወቀች የኮሚክ ደራሲ የሆነችው ሉዊዝ ሳይመንሰን ናት።

የሚያበላሸው ፎቶውን እንዳለ መገልበጥ ነው። ካሜራ ጥላውን ሁሉ እኩል ግራጫ ያደርገዋል፤ ብዕር ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከፎቶው የሚወሰደው የእጅ አያያዝ፣ የልብስ እጥፋትና የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። የቀረውን ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ አስቀምጦ መሥራት ነው። በስልክ ፎቶ ሲነሳ ፍላሹን አጥፍቶ አንድ አምፖል ብቻ በጎን በኩል፣ ከፊት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ማብራት ይበቃል። ሁለት መብራት ካለ ጥላዎቹ ይጣረሳሉ፤ ሰረዙም (ጥላ ለማምጣት ጎን ለጎን የሚሠመሩት መስመሮች) ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል።

ከዲሲ ወደ ዋረን ለምን ሄደ?

ዋረን የተባለው አሳታሚ መጽሔቶች «ክሪፒ» እና «ኢሪ» ትልቅ ገጽ ያላቸው፣ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበሩ። በመጽሔት መልክ ስለሚወጡም ኮዱ አይመለከታቸውም ነበር። ራይትሰን በ1974 እዚያ ሲገባ ሁለት ነገር አገኘ፦ የፈለገውን ማሳየትና ሥራው በሌላ ሰው ቀለም አለመሸፈኑ። በዚያን ጊዜ የቀለም ኮሚክ በርካሽ ወረቀት ላይ ይታተም ስለነበር ቀጭን ሰረዝ ተውጦ ይቀራል። በጥቁርና ነጭ መጽሔት ላይ ግን ግራጫውን ማምጣት የሰዓሊው ፈንታ ነው። እሱም ከታሪክ ታሪክ ዘዴ ይቀያይር ነበር፤ አንዱን በሰረዝ ብቻ፣ ሌላውን በውሃ በቀጠነ ቀለም ይሠራል። የአስፈሪ ታሪክ ደራሲዎቹን፣ የኤድጋር አለን ፖን «ጥቁር ድመት» እና የላቭክራፍትን «ቀዝቃዛ አየር» በሥዕል ያቀረበው እዚያ ነው።

ከ1975 እስከ 1979 ደግሞ ከጄፍሪ ጆንስ፣ ከማይክል ካሉታና ከባሪ ዊንዘር ስሚዝ ጋር ማንሃታን ውስጥ አንድ ትልቅ የሥራ ክፍል ተጋርተው ሠርተዋል። «ዘ ስቱዲዮ» ሲባል ከሰማችሁ እሱ ነው።

ፍራንከንስታይን ለምን ሰባት ዓመት ፈጀ?

ያዘዘው ሰው ስላልነበረ ነው። ክፍያ አልነበረውም፤ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የሚሆን ሥራ ሲጨርስ ሦስት ቀን እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ እየሰረቀ ሠራው። እንዲህ ሲል ሲል ወደ 50 የሚጠጉ ሥዕሎች ተጠናቀቁ፤ በ1983 ማርቭል የተባለው የኮሚክ አሳታሚ የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲውን የስቲቨን ኪንግን መግቢያ አክሎ ከሼሊ ሙሉ ልብ ወለድ ጋር አሳተማቸው።

ጊዜውን የበላው ሰረዙ ብቻ አልነበረም። ሥዕሎቹ ከተሠሩበት ብዙ ዓመት ቢያልፍም አንዱ ከሌላው ጋር የአንድ እጅ ሥራ መምሰል ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የናሙና ወረቀት ይሥራ። የሚጠቀምበትን ብዕር፣ የሰረዙን ርቀት፣ አምስት የጥላ ደረጃዎችና የዋናውን ባለታሪክ ፊት ከሦስት አቅጣጫ እዚያ ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ከወራት በኋላ እጅ ሲለወጥ የሚመልሰው ያ ወረቀት ነው።

የእሱ ፍጡር አንገቱ ላይ ብሎን የሌለው ለምንድን ነው?

ጠፍጣፋው ግንባርና የአንገቱ ብሎን ከ1931ዱ ፊልም የመጡ ናቸው፤ ሼሊ አልጻፈቻቸውም። በ1818 የታተመው ልብ ወለድ ውስጥ ፍጡሩ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ከ40፣ ቢጫ ቆዳው ጡንቻውንና ደም ሥሩን መሸፈን ያቃተው፣ ጸጉሩ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ እንደ ዕንቁ የነጣ፣ ከንፈሩ ጥቁር ነው። ራይትሰን ወደ ጽሑፉ ተመለሰ። አፍንጫውን እንደ ራስ ቅል ወደ ውስጥ አስገባው፤ ጸጉሩን አረዘመው፤ አካሉን ግን ጠንካራና ውብ አደረገው። ሼሊ የጻፈችው ሠሪው ውብ ብልቶችን መርጦ እንደገጣጠመ ነውና ውበቱም አስፈሪነቱም አብረው መታየት ነበረባቸው።

ፊልም ሠሪው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ከእነዚህ ሥዕሎች ኦሪጅናሎችን የሚሰበስብ ሲሆን፣ በ2025 ያወጣው የራሱ ፍራንከንስታይን ላይ የራይትሰን ጥላ ይታያል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። እኛ «የሰባ ሰባቱ» በምንለው ረሃብ ጊዜ፣ በ1985፣ ራይትሰንና ጓደኛው ጂም ስታርሊን የኮሚክ ሰዎችን አስተባብረው በማርቭል በኩል «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የተባለ መጽሐፍ እንዲታተም አደረጉ። ባለታሪኮቹ ኤክስ-ሜን የተባሉት የማርቭል ጀግኖች ናቸው፤ ገቢው ለአፍሪካ ረሃብ ተጎጂዎች እርዳታ ነበር። እያንዳንዱን ጥቂት ገጽ የተለያየ ደራሲና ሰዓሊ ሠርቶታል። ስቲቨን ኪንግ የጻፋቸውን ገጾች በእርሳስ የሣለው ራይትሰን ነው፤ ረሃብ እዚያ ላይ ሥጋና አጥንት ለብሶ ይመጣል። በ1986 ሁለቱ ያንኑ ነገር ለዲሲ ደገሙት፤ «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» ላይ ሱፐርማንና ባትማን ኢትዮጵያ ድረስ ይመጣሉ።

ሁለቱም መጻሕፍት በብዙ እጅ የተሠሩ በመሆናቸው እንደ ታሪክ ወጥ አይደሉም። እንደ ሰነድ ግን ሊያዙ የሚገባቸው ናቸው።

በምን መሣሪያ ይሠራ ነበር? እኔስ ምን ልግዛ?

ፍራንከንስታይንን የሠራው በሚነከር ብዕር፣ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ነው። በዚህ መንገድ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አንድ የብዕር እጀታ፣ ሁለት ዓይነት የብረት ጫፍ (አንዱ ተለጣጭ፣ አንዱ ጠንካራ)፣ ቁጥር 2 ወይም 3 ክብ ብሩሽ፣ ኢንዲያን ኢንክ እየተባለ የሚሸጠው ሲደርቅ ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም፣ ኤችቢ እርሳስ፣ ለስላሳ ላጲስና ነጭ ጉዋሽ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን የውሃ ቀለም)። ወረቀቱ ለስላሳ ብሪስቶል (ወፍራም የሥዕል ወረቀት) ይሁን፤ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም። ለፎቶ ኮፒ የሚሆነው 80 ግራም ወረቀት ቀለሙን ይመጥጠዋል፣ መስመሩም ጸጉር ያበቅላል።

ቀለሙ ላይ አትቆጥቡ። መሠረቱ ጥላሸት መሆን አለበት፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ዘመን የተሻገረውም በዚሁ ነው። በማቅለሚያ ኬሚካል ብቻ የተሠራ ቀለም ግድግዳ ላይ በተሰቀለ በጥቂት ዓመት ወደ ቡናማ ይሄዳል። ይህን ቀለም ግን ሆዱ ውስጥ ቀለም በሚሞላ ብዕር ውስጥ አታስገቡ፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል።

የሥዕሉ መጠን ከሚታተመው ይበልጣል። የአሜሪካ ኮሚክ የተለመደው ልክ 28 በ43 ሴንቲሜትር ወረቀት ሆኖ ሥዕሉ የሚያርፍበት 25.4 በ38.1 ነው፤ ሲታተም ወደ ሁለት ሦስተኛው ይቀንሳል። ኤ3 ወረቀት በጣም ስለሚቀርበው ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

አዲሱ ብዕር ቀለም አልይዝ ይላል፤ ይንጠባጠባልም። ምን ላድርግ?

አዲስ ጫፍ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚሸጠው፤ ቀለሙ ክብ ክብ እየሠራ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ አሽታችሁ አድርቁት። እሳት ላይ ማሳለፍ የሚመክሩ አሉ፤ አንድ ሰከንድ ካለፈ ግን ብረቱ ልምጭነቱን ያጣል።

የሚንጠባጠበው ብዙ ጊዜ ጠልቆ ስለተነከረ ነው። ጫፉ መሃል ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀለሙ እሱ ጋ ሲደርስ ይበቃል። ከዚያ በጠርሙሱ አፍ ጠርዝ አንዴ ነካ አድርጎ ትርፉን መመለስና በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መሞከር። ብዕር ወደ ራስ ይጎተታል እንጂ ወደ ፊት አይገፋም፤ ሲገፋ ሁለቱ ጥርሶች የወረቀቱን ክር ይነክሱና ቀለም ይረጫሉ። ወረቀቱን አዙሩት፣ እጃችሁን አታጣምሙ። በየአምስት ደቂቃው ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሶፍት ክሩን ጥርሶቹ መሃል ስለሚተው አይሆንም።

ብሩሽ መቼ፣ ብዕር መቼ?

ብሩሽ ለጥቁሩ ሰፊ ቦታ፣ ለጸጉር፣ ለልብስ እጥፋት፣ ለዛፍ ሥርና ለሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ። ብዕር ለድንጋይ፣ ለመስታወት፣ ለሰማይና ለፊት ዝርዝር። ቅደም ተከተሉ ግን ከመሣሪያው ይበልጣል፤ መጀመሪያ ሙሉ ጥቁር የሆኑት ቦታዎች በብሩሽ ይሞላሉ፣ ሰረዙ ከዚያ ይመጣል። ሰረዝ ቀድሞ ከመጣ ዓይን የሚያወዳድርበት ጥቁር ስለሌለው ሁሉንም ከልክ በላይ ታጨልሙታላችሁ።

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ስትነክሩ ጸጉሩን ከያዘው ብረት ቢያንስ ሦስት ሚሊሜትር ይራቅ። ቀለም ብረቱ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ጸጉሩ ይፈነጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሾል ብሩሽ አይሆንም። ሥራ ሲያበቃ በሳሙና አጥቦ፣ በጣት አሹሎ፣ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም።

ሰረዜ ለምን መረብ ይመስላል? ለምንስ ቦታው ሁሉ ይቆሽሻል?

መረብ የሚመስለው ሁለተኛው ሰረዝ የመጀመሪያውን በ90 ዲግሪ ስለሚያቋርጠው ነው። ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ሲያቋርጥ መሃሉ ላይ ረጃጅም አልማዝ የሚመስሉ ነጭ ክፍተቶች ይቀራሉ፤ ዓይን እነዚያን እንደ ግራጫ ያነባቸዋል። የመጀመሪያው ዙር ሳይደርቅ ሁለተኛውን መጀመር ደግሞ መገናኛው ላይ ነጥብ ይፈጥራል። በደረቅ አየር 10 ደቂቃ ይበቃል፣ በክረምት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በላጲስ ከማጽዳት በፊት ደግሞ ብታሳድሩት ይመረጣል፤ ላጲስ ትኩስ ጥቁርን ወደ ግራጫ ይልጠዋል።

የሚቆሽሸው ክፍተቱ ስለሚጠብ ነው። ወረቀታችሁ ላይ በሁለት መስመር መካከል ግማሽ ሚሊሜትር ካለ፣ ሁለት ሦስተኛ ሆኖ ሲታተም 0.33 ይሆናል፤ ከዚያ ያነሰው በተራ ወረቀት ላይ ተዋህዶ ጥቁር ይሆናል። ጨለም ማድረግ ስትፈልጉ ሌላ ዙር አትጨምሩ፣ መስመሩን አወፍሩት። ከቡዝ የሚወሰደው ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ርቀቱ አይለወጥም፣ ውፍረቱ ይለወጣል። ሰረዙ ቅርጹን ተከትሎ ይዙር፤ ክንድ ላይ ክብ፣ ግድግዳ ላይ ቀጥ፣ ጭጋግ ላይ አግድም።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። ሁለት ሴንቲሜትር በሁለት ሴንቲሜትር የሆኑ አምስት ሳጥኖች፤ የመጀመሪያው ነጭ፣ የመጨረሻው ጥቁር፣ መሃሉ ሦስት ደረጃ። በየቀኑ አንድ ረድፍ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከሦስት ሜትር ርቀት ስታዩት አምስቱ ካልተለዩ ገና ነው።

በታብሌት ይህን መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ክፈቱ፤ ወደ 4960 በ7016 ፒክስል ማለት ነው። የሚያሳስተው ማጉላቱ ነው፤ አራት እጥፍ አጉልቶ የተሠራ ሰረዝ ሲታተም ይጠፋል። ከመቶ በመቶ በላይ ሳያጎሉ መሥራትና መንቀጥቀጥ ማስተካከያውን ዝቅ ማድረግ የእጅን ጠባይ ያተርፋል። በወረቀት ሠርቶ ስካን ለሚያደርግ ደግሞ በ600 ዲፒአይ ግራጫ አንብቦ ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ነው፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት አንዱን ጥግ ያጨልመዋልና ለኅትመት አይሆንም።

ሥዕሎቹን ቀድቼ ብሠራ ችግር አለው?

ለመማር መቅዳት የሙያው አንድ ክፍል ነው። ቀድቶ መሸጥ ወይም የራስ አስመስሎ ማውጣት ግን ሌላ ነው። የሼሊ ልብ ወለድ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንኛውም ሰው በአማርኛ ተርጉሞ የራሱን ፍጡር ሊሥልበት ይችላል። የራይትሰን ሥዕሎች ግን በባለመብትነት የተጠበቁ ናቸው፤ ስዋምፕ ቲንግም የዲሲ ነው።

በየትኛው ሥራው ልጀምር? ለልጆችስ ይሆናል?

ለሥዕሉ ብላችሁ ከሆነ በፍራንከንስታይን፣ ለታሪክ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 10 የስዋምፕ ቲንግ ቁጥሮች። የዋረን ታሪኮች ለአዋቂ ናቸው፤ ራቁትነትና ጭካኔ አለባቸው፣ ልጅ እጅ መግባት የለባቸውም። በስቲቭ ናይልስ ጽሑፍ ከ2012 ጀምሮ የወጣው የፍራንከንስታይን ተከታይም አለ። ራይትሰን መጨረሻውን ሳያደርስ ስላረፈ፣ እሱ ራሱ የመረጠው ኬሊ ጆንስ አጠናቆት በ2018 ወጣ።

ጭራቄ በደንብ ተሥሏል፣ ገጹ ግን አያስፈራም። ምን ጎደለ?

መጀመሪያ ብርሃኑን ፈትሹ። አንድ ምንጭ ብቻ ይኑር፤ ሻማ፣ መስኮት ወይም መብረቅ። ከገጹ ግማሽ ያህሉ ጨለማ ቢሆን አትፍሩ፣ ጨለማው ግን አንድ ላይ የተያያዘ ይሁን። እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቁር ገጹን ያዥጎረጉረዋል፤ በጥቁር ቀለም የተረጨ ደምም እንደዚሁ ነው፣ ዓይን እድፍ ነው የሚያየው። ሥዕሉን አራት ሴንቲሜትር በሚያህል ሳጥን ውስጥ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ ሞክሩት። እዚያ ላይ የማያስፈራ ነገር በሺህ ሰረዝ አይስተካከልም።

ቀጥሎ መገለጡን። አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ፣ በቀኝ ገጽ የመጨረሻው ክፈፍ (በመስመር የተከለለ አንድ ሥዕል) ላይ ሰውየው የሆነ ነገር ያያል፤ ምን እንዳየ የሚታወቀው ገጹ ሲገለበጥ በግራ ገጽ የመጀመሪያው ክፈፍ ላይ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ካሉ ዓይን ቀድሞ ይሰርቀዋል። በስልክ ለሚነበብ ኮሚክ ከመገለጡ በፊት አንድ ሙሉ የስክሪን ርዝመት ባዶ ጥቁር ተዉ።

እነዚህ ተስተካክለውም ካልሆነ ችግሩ ጭራቁ ምንም አለመፈለጉ ነው። ጥርስና ጥፍር ብቻ ያለው ፍጡር ከአንድ ገጽ በላይ አያስፈራም። ምን እንደሚፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ከንድፉ ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ ይብረደው፣ ስሙ ይጥፋበት፣ ልጁን ይፈልግ። ከዚያ ፊቱን ሳትነኩ እጆቹን ብቻ ያንን እንዲናገሩ አድርጋችሁ እንደገና ሣሉ። የራይትሰንን ገጽ ፊቱን በወረቀት ሸፍናችሁ ብታዩት ሐዘኑ ከእጆቹ ይነበባል።